ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ዓይኔ ፊት የሚንሳፈፈው ክር ከስልክ የመጣ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ ባህር ዳር ሞባይል ጥገና ነው የምሰራው፣ ዕድሜዬ 26። ጣና ዳር ቁጭ ብዬ ሰማይ ሰማዩን ሳይ የሆነ ክርና ነጥብ ነገር ይንሳፈፍብኛል፣ ላየው ስል ይሸሻል። ቲክቶክ ላይ የስልክ ብርሃን ሬቲና ያቃጥላል ሲሉ ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ፣ የብሉ ላይት መነጽር ልግዛ እንዴ?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ስልኩ የለበትም። ከዓይናችን ሌንስ ኋላ እስከ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ጀርባ ስስ ሽፋን) ድረስ ያለውን ቦታ የሚሞላ ዝልግልግ ነገር አለ፣ የጥሬ እንቁላል ነጩን በለው፣ 98 ከመቶ የሚሆነው ውሃ ነው፣ ውስጡ ግን ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ደቃቅ ክሮች አሉት። ከዕድሜ ጋር እየቀጠነ ሲሄድ ክሮቹ ይጠላለፋሉ (ሩቅ ማየት የሚቸግረው ሰው ላይ ቀደም ይላል) እና ጥላቸው ሬቲና ላይ ያርፋል፣ አንተም የምታየው ጥላውን ነው። የሚሸሽህ ዓይንህን ስታዞር እሱም አብሮ ስለሚሄድ ነው። ጥርት ያለ ሰማይ ወይ ነጭ ስክሪን ላይ ይጎላል፣ ሰው ስልኩን የሚከሰው ለዚህ ይመስለኛል።

መነጽሩን ተወው፣ የስክሪን ሰማያዊ ብርሃን ከፀሐዩ ጋር ሲወዳደር ኢምንት ነው። ይልቅ የስልክ ሰሌዳ ስትበይድ የሚፈናጠረውን የሚከላከል መነጽር ብትገዛ ደስ ይለኛል። ስክሪን ላይ ሲያፈጡ ዓይን መርገብገቡ ስለሚቀንስ ይደርቃል፣ ስለዚህ በየ20 ደቂቃው ቀና ብለህ 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ እይ።

ደሞ እባክህ ፋርማሲ ሄደህ «የዓይን ጠብታ ስጡኝ» እንዳትል፣ ጠብታ እዛ ክር ጋ አይደርስም፣ ዴክሳሜታዞን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ያለበት ከሆነማ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሳምንታት ሲጨመር የዓይን ግፊት ከፍ አድርጎ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ሊያመጣ ይችላል።

የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ ነጥቦቹ ድንገት ከበዙብህ፣ ጨለማ ውስጥም ብልጭ ብልጭ ካለብህ፣ ወይ ከአንድ ጎን ጥቁር ነገር ከጋረደህ ሬቲና ተቀዶ ወይም እየተላቀቀ ሊሆን ይችላል፣ ሕመም ስለሌለው ሰው ዛሬ ነገ እያለ ዓይኑን ያጣል፣ አንተ ግን በዚያው ቀን ሂድ። አንዱን ዓይን ሸፍነህ በሌላው ማየትም ልመድ፣ ሁለቱም ሲከፈቱ ደህናው የታመመውን ይደብቀዋል።

ያሁኑንም ቢሆን አንዴ የዓይን ሐኪም ይየው። ብሌንህን የሚያሰፋ ጠብታ ጨምረው ስለሚያዩህ ለጥቂት ሰዓት ብዥ ይልብሃል፣ የዛን ቀን ሳይክልህን ቤት ተዋት።