እበት ሞልቶ ጋዝ ሲጠፋ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከእበት የማብሰያ ጋዝ የሚያወጣ ባለ 6 ሜትር ኩብ የባዮጋዝ ጉድጓድ ካስቆፈርን ሁለት ዓመት አለፈን። መጀመሪያ ወጡንም ሻዩንም ያደርስልን ነበር፤ አሁን ጀበና እንኳ ሳያፈላ ይጠፋል። ክረምት ሲገባማ ጭራሽ የለም። አራት ከብቶች አሉን፤ ቀን መስክ ውለው ማታ ይገባሉ። ጉድጓዱ ተበላሽቶ ይሆን? (ከቆላ ድባ)

መልስ፦ ከጉድጓዱ በፊት በረቱን ይመርምሩ። ባለ 6 ሜትር ኩብ ማብላያ ጉድጓድ በቀን 36 ኪሎ ያህል ትኩስ እበትና ያንኑ ያህል ውሃ ይፈልጋል። ቀን መስክ የሚውል የአገራችን ከብት በረት ውስጥ የሚጥለው የሌሊቱን ብቻ ነው፤ እሱም ከ4 እስከ 5 ኪሎ ቢሆን ነው። አራቱ ተደምረው ቢበዛ 20 ኪሎ ይሰጡዎታል። ከአንድ ኪሎ እበት ወደ 40 ሊትር ጋዝ ይገኛል ብንል 800 ሊትር፤ አንድ ምድጃ በሰዓት 400 ሊትር ገደማ ስለሚበላ ሁለት ሰዓት ብቻ ይነዳል። ያውም በሙቅ ወራት። መጀመሪያ የበቃዎት ጉድጓዱ ሥራ ሲጀምር በአንድ ጊዜ ብዙ እበት ስለሚሞላ ነው፤ ያ ስንቅ ጥቂት ወራት ይቆይና ያልቃል።

የክረምቱ ነገር ሌላ ነው። ጋዙን የሚሠሩት ተሕዋስያን የሚመቻቸው ወደ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው፤ ከ15 በታች ከወረደ ሥራ ሊያቆሙ ምንም አይቀራቸውም። በዚያ ላይ የጎርፍ ውሃ ወደ መቀላቀያው ወይም ዝቃጩ ወደሚወጣበት መውጫ ገንዳ ከገባ እበቱ ይቀጥናል፣ ሳይብላላም ተገፍቶ ይወጣል። ዙሪያውን የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ያውጡ፤ እበቱን ጠዋት በብርድ ሳይሆን እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ በመታው ውሃ ይበጥብጡ፤ ጋዙ የሚጠራቀምበት ጉልላት ላይ ጭድ ይከምሩ።

እበቱ ልክ ሆኖም ጋዙ እምቢ ካለ እንዲህ ይፈትሹ። ማታ ዋናውን ቫልቭ ይዝጉና በመውጫ ገንዳው ግድግዳ ላይ የዝቃጩን ከፍታ በከሰል ያስምሩ። ጠዋት ዝቃጩ ከመስመሩ በላይ ከወጣ ጋዙ ተሠርቷል፣ ጉልላቱም ይዟል፤ ችግሩ ቧንቧው ወይም ምድጃው ላይ ነው። መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ የሳሙና አረፋ ይቀቡ፤ አረፋው የተነፋበት ቦታ ያፈሳል። እሳቱ እየተርገበገበ የሚነድ ከሆነ ቧንቧው ውስጥ ውሃ ተኝቷል፤ የውሃ ማፍሰሻውን ይክፈቱ። ቢጫ ሆኖ ድስቱን ጥላሸት የሚያለብስ ከሆነ የምድጃውን የአየር ቀዳዳ ሰማያዊ እስኪሆን ይክፈቱለት። ዝቃጩ ጠዋትም መስመሩ ላይ ከቆመ ግን ወይ ጋዝ አልተሠራም ወይ ጉልላቱ ተሰንጥቋል። የጉልላቱን አንገት ውሃ ያፍስሱበትና አረፋ ይጠብቁ። አረፋ ከሌለና ዝቃጩ ኮምጣጣ ኮምጣጣ የሚሸት ከሆነ፣ አተላ ወይም የተረፈ እንጀራ በብዛት ጨምረው ይሆናል፤ አሲድ ሲበዛ ጋዝ ሠሪዎቹ ይሞታሉ። አንድ ሁለት ሳምንት ምንም ሳይጨምሩ ያሳርፉት፣ ከዚያ በግማሽ መጠን ንጹሕ እበት ብቻ ይጀምሩ። በረኪና፣ የልብስ ሳሙና ውሃ፣ ገና መድኃኒት የተወጋ ከብት እበት አይግባበት። ምን ቢቸግር ደግሞ ማንም ሰው ጉድጓዱ ውስጥ እንዳይወርድ፤ አየሩ ሰው ይገድላል፣ ክብሪት ከተጫረም ይፈነዳል።

ፍሳሹን ችላ እንዳይሉት የምንጨቀጭቅዎት ለወጡ ብለን ብቻ አይደለም። የባዮጋዝ ዋናው አካል ሚቴን ነው፤ በ100 ዓመት ስሌት አንድ ኪሎው ምድርን የሚያሞቀው እንደ 27 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በሙሉ አቅሙ የሚሠራ የእርስዎን የመሰለ ጉድጓድ ከጋዙ አንድ አሥረኛውን ቢያፈስ በዓመት ወደ 20 ኪሎ ሚቴን ይለቃል፤ ይህ 300 ኪሎ ደረቅ እንጨት ሲነድ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይቀራረባል። ጋዝ ተርፎ ካደረም ያንድዱት እንጂ በመውጫው እየተንቦጫቦጨ አይምለጥ።

እንጀራውን ለባዮጋዝ አይተዉት። ሰፊ ምጣድ እኩል አግሎ ለመያዝ ተራው ምድጃ አቅም የለውም። ለእሱ «ምርጥ» የሚባለውን እንጨት ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ያስተክሉ፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የእንጨቱን ግማሽ ገደማ ያድናል።

ጥያቄ፦ እምቦጩን ከጣና እያወጣን ዳር ላይ እንከምራለን። ለባዮጋዝ ይሆናል የሚባለው እውነት ነው? (ከጎርጎራ)

መልስ፦ ይሆናል፤ ግን እንደሚወራው አይደለም። ከ100 ኪሎ ትኩስ እምቦጭ ከ90 ኪሎ በላዩ ውሃ ነው። ጭኖ ጎንደር ማድረስ ማለት ሐይቁን በመኪና ማጓጓዝ ነው፤ የሚሠራው እዚያው ዳር ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ሥሩን ቆርጠው ይጣሉ፣ አሸዋና ደለል ይዞ ይገባልና። ግንዱንና ቅጠሉን ሁለት ሦስት ቀን ያጠውልጉት፣ በሁለት ሴንቲ ሜትር ይክተፉት፣ ከእበቱ ክብደት አንድ አምስተኛ ሳያሳልፉ ይቀላቅሉት። ሳይከተፍ የገባ እምቦጭ ጉድጓድ ውስጥም ይንሳፈፋል፤ ግንዱ አየር የቋጠረ ነው። ላይ ላዩን ቅርፊት ሠርቶ ጋዙን ያፍነዋል፤ የእኛ ጉድጓዶች ደግሞ ማማሰያ የላቸውም። አበባና ፍሬ የያዘውን ጨርሶ አያስገቡ። ዘሩ ዓመታት ተኝቶ የሚነሣ ነው፤ ዝቃጩን ውሃ ገብ ማሳ ላይ ቢበትኑት መልሰው ዘሩት ማለት ነው።

አረሙ ጣና ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የኃይል ምንጭ አድርጎ በእሱ ላይ ዕቅድ ማቆም ግን አንወድም፤ እንጀራው በእምቦጭ ላይ የሆነ ሰው እምቦጭ እንዲጠፋ አይመኝም።

ጥያቄ፦ ዛፍ ሲያድግ ካርቦን ይወስዳል፣ ሲነድ ያንኑ ይመልሳል፤ ስለዚህ እንጨት ማንደድ ጉዳት የለውም ተብለን ተምረናል። ታዲያ ፖሊሲው ቆጣቢ ምድጃን ለምን ይህን ያህል ያገነዋል? (ከጎንደር፣ ማራኪ)

መልስ፦ የተማራችሁት ዛፉ ተመልሶ ከበቀለ ልክ ነው። አገሮች ለተባበሩት መንግሥታት በሚያቀርቡት የልቀት ሪፖርት ከእንጨት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በኃይል ዘርፍ ድምር ውስጥ አይገባም፤ የሚመዘገበው ዛፉ ሲቆረጥ፣ በመሬትና ደን ዘርፍ ነው። የኃይሉን ሠንጠረዥ ብቻ ያየ ሰው ዜሮ አይቶ ነጻ ይመስለዋል። የራስ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አቆጥቁጦ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ውስጥ ይተካል። ከተፈጥሮ ደን የወጣ ወይራ ግን ዕዳው በአሥርት ዓመታት የሚከፈል ነው፤ ካልተተከለማ መቼም አይከፈል።

ስለዚህ የካርቦን ፕሮጀክቶች (የቀረ ልቀትን በቶን ቆጥረው ለገዢ የሚሸጡት) ከዳነው እንጨት የሚቆጥሩት የማይተካውን ድርሻ ብቻ ነው። ጭቅጭቁም እዚህ ላይ ነው። አንድ ቤት በዓመት አንድ ቶን እንጨት ቢያድን 1.7 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የማይተካው 80 በመቶ ነው ከተባለ 1.4 ቶን ይሸጣል፤ 30 በመቶ ከተባለ ግማሽ ቶን። ምድጃው ያው፣ እንጨቱ ያው፤ ወረቀቱ ላይ ግን ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። የምድጃ ፕሮጀክት ይዞ የሚመጣ ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህንን ድርሻ ከየት እንዳመጣው ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው ለአየር ንብረት የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ቆጣቢ ምድጃ ቅድሚያ ከተሰጣቸው አራት ሥራዎች አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለችው የፓሪስ ስምምነት ቃል ኪዳኗ የ2030ን ልቀት፣ ምንም ባይሠራ ከሚደርስበት በ68.8 በመቶ ለመቀነስ ታቅዷል፤ ከ68.8ቱ በራሳችን አቅም የሚሠራው ግን 14ቱ ብቻ ነው፤ ቀሪው የውጭ ድጋፍ ይጠብቃል። ኩበቱንም አትርሱት፦ የነደደ ኩበት ከማሳው የጎደለ ፍግ ነው፤ ጉድለቱ የሚሞላው በዩሪያ ነው፤ ዩሪያ ደግሞ በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ይሠራል።

ጥያቄ፦ መተማ ላይ 10 ሄክታር የሰሊጥ መሬት አለኝ። ጃትሮፋ (ፍሬው ዘይት የሚሰጥ ቁጥቋጦ) ተክዬ ናፍጣ ባወጣበት ያዋጣል? (ከገንዳ ውኃ)

መልስ፦ አያዋጣም። ጃትሮፋ ደረቅ መሬት ላይ ይበቅላል፤ መብቀልና ማፍራት ግን ለየቅል ናቸው። በደካማ መሬት በዝናብ ብቻ ከሄክታር አንድ ቶን ፍሬ አይሞላም፤ አንድ ቶኑም በትንሽ መጭመቂያ 250 ሊትር ያህል ዘይት ነው። ዘይቱ ከናፍጣ አሥር እጥፍ ገደማ ስለሚወፍር እንዲሁ ቢገባ የሞተሩን ነዳጅ መርጫ (ኢንጀክተር) ይደፍናል። ባዮዲዝል (ከተክል ዘይት የሚሠራ ናፍጣ) ለማድረግ ለ100 ሊትር ዘይት 20 ሊትር ገደማ ሜታኖል የተባለ አልኮል ይፈልጋል፤ ሜታኖል ደግሞ መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. የ2007ቱ የባዮፉዩል (ከተክል የሚገኝ ነዳጅ) ስትራቴጂ ከወጣ በኋላ ለጃትሮፋ መሬት የወሰዱ ብዙዎች ፍሬ ሳያዩ የተዉት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ የተቀላቀለው ኢታኖል የተሻለ የነበረው ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት፣ ከሞላሰስ፣ ስለሚወጣ ነው፤ አዲስ መሬት አልነጠቀም።

ጃትሮፋን ለአጥር ይትከሉት፤ ከብት አይበላውም፤ ፍሬው መርዛም ስለሆነ ልጆች ግን አይንኩት። ነዳጅ ከፈለጉ ከውቂያ በኋላ ሜዳ ላይ የሚያቃጥሉት የሰሊጥ አገዳ አለልዎት። ከፊሉን ለአፈሩ ይተዉ፤ የቀረውን አየር በማይገባው በርሜል ያክስሉት፣ ይውቀጡት፣ ለ10 ኪሎ የከሰል ዱቄት ግማሽ ኪሎ ያህል የእህል ዱቄት በውሃ አብስለው ያጣብቁበት። ጠፍጥፈው ከሦስት እስከ አምስት ቀን ፀሐይ ያስመቱት። በክረምት አይሥሩት፤ ሳይደርቅ ይሻግታል።