ገጪው መድን የሌለው ሲሆን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ተሽከርካሪ መድን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጥናሉ፤ ጥፋቱ የሌላው ሆኖ ሳለ ያ ሰው መድን ባይኖረው ኪሳራውን ማን ይሸከማል? ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ «መኪናዬ የሦስተኛ ወገን መድን አላት፤ አረቦኑንም ቀን ሳላሳልፍ እከፍላለሁ። ቆሜ ሳለሁ ከኋላ የገጨኝ ሰው ግን መድን የለውም። የመድን ድርጅቴ ደግሞ ጉዳዩ አይመለከተኝም አለ። ታዲያ ስከፍል የኖርኩት ለምንድን ነው?»

መልስ፦ የድርጅቱ ምላሽ ለሚሰማው ቢመርም ከውሉ የወጣ አይደለም። የሦስተኛ ወገን መድን የሚከፍለው እርስዎ በሌላ ሰው አካል ወይም ንብረት ላይ ለሚያደርሱት ጉዳት እንጂ በእርስዎ ላይ ለሚደርሰው አይደለም። የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ፣ ብሪታንያ ደግሞ በ1930 ባወጣችው ሕግ ይህን መድን ግዴታ ሲያደርጉ ዓላማቸው በመኪና የተጎዳ ሰው ካሣ የሚከፍለው እንዳያጣ ነበር፤ የራስን መኪና ማዳን ለባለንብረቱ ምርጫ የተተወ ነው። ስለዚህ የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ የያዘ ሰው ሲገጭ የሚተማመነው በገጪው ውል ላይ ነው። ገጪው ውል ከሌለው የሚቀረው ግለሰቡን በፍርድ ቤት መክሰስ ሲሆን፣ አረቦን መክፈል ያቃተው ሰው ቢፈረድበትም የሚከፍለው ላይኖረው ይችላል።

ይህን ክፍተት የሚሞላው የራስዎ ውል ነው። በብዙ አገሮች አጠቃላይ ወይም ኮምፕሪሄንሲቭ የሚባለው ሽፋን፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ የመኪናዎን ጉዳት ይከፍላል። ነገር ግን ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ፤ ይህ ሽፋን በዋነኛነት የሚገባው ለመኪናዋ እንጂ በውስጧ ለተቀመጡት አይደለም። የተጨረማመተው የኋላ በር በመድኑ ተጠግኖ ሳለ የተሰበረ እጅ ማሳከሚያ ከባለቤቱ ኪስ የወጣበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ስለሆነም ለአሽከርካሪውና ለተሳፋሪዎች የሚሆን የግል አደጋ መድን ጨምረው ይግቡ። በአሜሪካ ደግሞ መድን የሌለው አሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ራሱን የቻለ ሽፋን ይሸጣል፤ የሕክምና ወጪንና በጉዳቱ ምክንያት የቀረ ገቢን ይተካል። ገጪው መድን ኖሮት የካሣው ጣሪያ ጉዳቱን የማይሸፍን ሲሆንም ልዩነቱን የሚያሟላ ተጓዳኝ ሽፋን አለ። እነዚህ በሚገኙበት አገር ለሚኖር ሰው ሁለቱንም እንዲይዝ አጥብቄ እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ «የገጨኝ መኪና አመለጠ፤ ሰሌዳውንም አላየሁም። ምን ተስፋ አለኝ?»

መልስ፦ በብዙ አገሮች ያመለጠ መኪና መድን እንደሌለው ይቆጠራል። ለእንዲህ ዓይነቱ ተጎጂ የሚከፍል የጋራ ፈንድም በተለያዩ አገሮች ተቋቁሟል፤ በብሪታንያ መድን ሰጪዎች በ1946 በጋራ የመሠረቱት ቢሮ ይህንኑ ይሠራል። ይሁን እንጂ ፈንዶቹ የሚያስቀድሙት የአካል ጉዳትንና ሞትን ነው፤ ማንነቱ ያልታወቀ መኪና ላደረሰው የንብረት ጉዳት ወይ አይከፍሉም ወይ ገደብ ያበጁለታል። አንዳንድ የመድን ውሎች ደግሞ ሁለቱ መኪኖች የግድ መነካካት አለባቸው ስለሚሉ፣ ያመለጠውን ሸሽቶ ከግንብ ጋር የተጋጨ ሰው ምስክር ከሌለው ይቸገራል። ለፖሊስ በዚያው ዕለት ያመልክቱ፤ የምስክሮችንም ስልክ ይያዙ።

ጥያቄ፦ «አረቦኑ እንዲቀንስልኝ የመኪናዬን ዋጋ ዝቅ አድርጌ አስመዝግቤያለሁ። አደጋው ቀላል ከሆነ ችግር አለው?»

መልስ፦ አለው፤ ለቀላሉም አደጋ ቢሆን። በብዙ ውሎች ውስጥ የሚገኘው የተመጣጣኝነት አንቀጽ፣ ከዋጋ በታች ያስመዘገበ ሰው የጎደለውን ያህል መድን ሰጪ ራሱ እንደሆነ ይቆጥረዋል። የገበያ ዋጋዋ 1,000,000 የሆነች መኪና በ600,000 ተመዝግባ 200,000 የሚያወጣ ጉዳት ቢደርስባት ድርጅቱ የሚያስበው 60 በመቶውን፣ ማለትም 120,000 ነው። ከዚያም ላይ እርስዎ በውሉ መሠረት የሚሸከሙት ድርሻ ይቀነሳል። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ ያለ ምንም ተንኮል እዚህ ውስጥ የሚገቡ ሰዎች ስላሉ፣ ውሉ በታደሰ ቁጥር ዋጋውን አስገምቶ ማስተካከል ይገባል።

ጥያቄ፦ «ገጪው መድን ስለሌለው እዚያው ተስማምተን ገንዘብ ብቀበልስ?»

መልስ፦ አንድ አንባቢ የተስማማበትን ወረቀት ፎቶ ልኮልኛል። ከደብተር የተቀደደ ገጽ ነው፤ በሁለተኛው መስመር ላይ «ከእንግዲህ ምንም ዓይነት የካሣ ጥያቄ አላነሣም» ይላል። በሦስተኛው ቀን አንገቱን መዞር አቃተው። ያ መስመር የሚዘጋው በገጪው ላይ ያለውን መብት ብቻ አይደለም። የእርስዎ መድን ድርጅት ከከፈለዎት በኋላ በእርስዎ ቦታ ተተክቶ አጥፊውን የመጠየቅ መብት አለው፤ እርስዎ ያንን መብት አስቀድመው ከሰጡበት እርስዎንም አልከፍልም ሊል ይችላል። ስለዚህ የገጪውን ስምና አድራሻ መዝግበው፣ የሁለቱንም መኪኖች አቋም ከመነሣታቸው በፊት ፎቶ አንሥተው፣ ለድርጅትዎ ሳያሳውቁ ምንም አይፈርሙ።

ጥያቄ፦ «የእኔ መድን ካለፈበት ሁለት ሳምንት ሆኖታል። እስካሳድሰው ቀስ ብዬ ባሽከረክርስ?»

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። በእነዚህ ቀናት ሰው ቢጎዱ ካሣው ከቤትዎና ከደመወዝዎ ይወጣል። ጥፋቱ የሌላው ቢሆን እንኳ፣ ለምሳሌ በካሊፎርኒያ ከ1996 ወዲህ መድን ሳይኖረው የሚያሽከረክር ባለመኪና ለደረሰበት ሥቃይ ካሣ እንዳይጠይቅ በአብዛኛው ታግዷል። አዲሱ ውል ተፈርሞ እጅዎ እስኪገባ ድረስ መኪናዋን ከቆመችበት አያንቀሳቅሷት።