መልስ፦ በጣና ዳር መንደራችን እንቦጭ የሚያጸዳ ማኅበር ከየት ይጀምር?

ወንድሜ፣ ጣና ላይ የሚንሳፈፈውን አረም፣ እንቦጭን፣ የሚያጸዳውን ማኅበር ለማቋቋም ከየት እንደምትጀምሩ ጠይቀሃል። ከእድሩ ጀምሩ። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ አባላቱም መዋጮን ያውቃሉ፣ የቀረ ሰው እንደሚቀጣም ያውቃሉ። ማኅተም ማስቀረጹ ይደርሳል።

የሚያሳስበኝ የሥራው አካሄድ ነው። እንቦጭ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩ ደግሞ በደለል ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። እንግዲህ በአንድ ቀን ዘመቻ ተሰብስቦ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ መበተን የሰውን ጉልበት ማባከን ነው! ዳርቻውን በየጎጡ ተከፋፈሉና ለየሳምንቱ ተረኛ መድቡ። አበባው ከመፍካቱ በፊት ከነሥሩ ንቀሉት። የተነቀለውንም ከውኃው አርቃችሁ አድርቁት፤ ዳር ላይ ከከመራችሁት በክረምት ሐይቁ ሲሞላ መልሶ ይወስደዋል።

ከመዋጮው በመጀመሪያ ቦቲ ጫማና ጓንት ግዙ። በጣና ዙሪያ ቢልሃርዝያ፣ ማለትም ውኃ ውስጥ ካለ ትል በቆዳ በኩል የሚይዝ በሽታ፣ አለ፤ በተለይ ልጆችን በባዶ እግራቸው ውኃ ውስጥ እንዳታስገቡ አደራ።

ደንገሉን ግን አትንኩት። ዓሣ የሚጠለልበት፣ ታንኳም የሚሠራበት ነው፤ በችኮላ ከእንቦጩ ጋር ተነቅሎ እንዳይሄድ ለአዲስ ገቢዎች አስቀድማችሁ አሳዩአቸው።