ለካር-ቲ ሕክምና ለሚዘጋጁት እናትሽ

እህቴ፣ «እናቴ በሚቀጥለው ወር ለሊምፎማ (ለሊምፍ ዕጢ ካንሰር) የካር-ቲ ሕክምና ትጀምራለች፤ ሐኪሙ ኃይለኛ ትኩሳትና የአእምሮ መደናገር ሊመጣ ይችላል አለኝ፤ መከላከያ አለው ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽውን አነበብኩ። እኔ ባለቤቴን በ2015 መጋቢት ላይ እዚሁ ሜሪላንድ አስታምሜያለሁ፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

ሙሉ በሙሉ ማስቀረት አይቻልም። ካንሰሩን እንዲያጠቁ ተለውጠው ወደ ደም የሚመለሱት ቲ ሴሎች የተባሉ የበሽታ መከላከያ ሴሎች ጠላታቸውን ሲያገኙ ይባዛሉ፤ ሳይቶካይን የሚባሉ ኬሚካሎችም ይጎርፋሉ። ትኩሳቱ፣ የደም ግፊት መውረዱ፣ የኦክሲጅን ማነሱ ከዚያ ይመጣል። በ2012 እ.ኤ.አ. ፊላዴልፊያ ውስጥ ኤሚሊ ኋይትሄድ የተባለች ሕፃን በዚህ ሳቢያ ከሞት አፋፍ ደርሳ ነበር። ያተረፋት ቶሲሊዙማብ የተባለ የመገጣጠሚያ ሕመም መድኃኒት ነው፤ ኢንተርሉኪን-6 የተባለውን ሳይቶካይን ሥራ ያግዳል። ዛሬ ሐኪሞች መድኃኒቱን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። የእኛ ድርሻ ሰዓቱን አለማሳለፍ ነው። ባለቤቴ በሦስተኛው ሌሊት ሲንቀጠቀጥ «በዚህ ሌሊት ሰው አናስቸግር፣ ይነጋል» ብሎ ብርድ ልብስ ደረበ። ቴርሞሜትሩ 38.4 አለ፤ ወዲያው ደወልኩ። ሳትደውይ ፓራሲታሞል ሰጥተሽ ትኩሳቱን እንዳትሸፍኝው፤ ኢንፌክሽንም ሊሆን ይችላልና።

እኔን ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን የአእምሮው ነገር ነው። ነርሷ በየቀኑ ዓመቱንና ወሩን ትጠይቃለች፣ ዕቃ እያሳየች ስሙን ታስጠራለች፣ ከመቶ በአሥር በአሥር ወደ ኋላ ታስቆጥራለች፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ታጽፋለች። በመጀመሪያው ቀን «ዓመቱ ስንት ነው?» ስትለው «2015» አላት። ፊቷ ተለዋወጠ! የዘመን አቆጣጠራችንን አስረድቻት ሳቀች እንጂ ገና ሳይጀመር ተደናገረ ተብሎ ሊመዘገብ ነበር።

ጽሕፈቱን በአማርኛ ነበር የሚጽፈው፤ ሁልጊዜ «ዛሬ ቡና አምሮኛል» ይላል። በስድስተኛው ቀን መስመሩ ቁልቁል ወረደ፣ ቡናው «ቡቡና» ሆነ። ሰውዬው ደግሞ በእጅ ጽሑፉ የሚኮራ ነው። ለነርሷ ፊደሉ ሁሉ አንድ ነው፤ ጮኬ የነገርኳት እኔ ነኝ። ያኔውኑ ሐኪም መጥቶ ዴክሳሜታዞን የተባለ ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት አስጀመረው፤ ከሦስት ቀን በኋላ ቡናው ቡና ሆነ።

ስለዚህ እናትሽ ሴሎቹን ከመቀበላቸው በፊት ደህና ሳሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አጽፊያቸውና ፎቶ አንሺው። መጻፍ ካልለመዱ የልጅ ልጆቻቸውን ስም በቅደም ተከተል አስጠሪያቸው። የእኛን አቆጣጠር፣ የሚናገሩትንም ቋንቋ በመዝገባቸው ላይ አስጽፊ፤ አስተርጓሚም ጠይቂ። ካንሰሩ ብዙ ከሆነ የሳይቶካይኑ ጎርፍ ይበረታልና ቀድሞ የሚቀንስ ሕክምና ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂው።

ጠያቂ ይበዛል፤ እናውቀዋለን። የበሽታ መከላከያቸው ለወራት ስለሚዳከም እንጀራውን በር ላይ ተቀበይና መልሺያቸው፤ የተቀየመም ይቀየም። ጤና አዳምም ሆነ ጥቁር አዝሙድ ሐኪም ሳይጠየቅ አይሰጣቸው። የሕክምናውን ስም የያዘች ካርድ ደግሞ ከሐኪሙ ጠይቂና አንዷን በእሳቸው ቦርሳ፣ ቅጂዋን በአንቺ ቦርሳ አድርጊ፤ እኛ አንድ ሌሊት ሌላ ድንገተኛ ክፍል ስንገባ ተረኛው ሐኪም መጀመሪያ ያነበበው እሷን ነው።