ነርሲንግ ለምትማር ልጅ የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ምን ይነግራል?

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች፤ የምትፈልገው ነርሲንግ ነው። ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተቀብለዋታል። ለዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ ደረጃ በሚያወጣው በዩ.ኤስ. ኒውስ ዝርዝር አንደኛው ከሌላው በ40 ደረጃ ይበልጣል፤ በዓመትም 11,000 ዶላር ይወደዳል። ዘመድ ሁሉ «ስም ያለው ይሻላታል» ይላል። ምን ላድርግ?
እናት፣ ከስልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ እርስዎ ያዩት ጠቅላላውን ዝርዝር ከሆነ ስለ ነርሲንግ የሚነግርዎ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ከነጥቡ 20 በመቶው የዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎች ስለ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡት አስተያየት ነው። ከቀሪዎቹ መለኪያዎች አንዳንዶቹን ደግሞ ተመዛኙ ራሱ ሞልቶ ይልካል። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በ2022 ከ2ኛ ወደ 18ኛ የወረደው ትምህርቱ በአንድ ዓመት ስለተበላሸ አይደለም፤ የራሱ የሒሳብ ፕሮፌሰር የተላኩት ቁጥሮች ልክ አለመሆናቸውን ስላጋለጠ ነው። ለነርሲንግ ብቻ የወጣው ዝርዝርም አያስተማምንም፤ ሙሉ በሙሉ የተመሠረተው የነርሲንግ ትምህርት ቤት ኃላፊዎችና መምህራን ለሌሎች በሚሰጡት ነጥብ ላይ ነው።

ከደረጃው በፊት የመግቢያ ደብዳቤውን እንደገና ያንብቡ። የተቀበሏት ለነርሲንግ ነው ወይስ ለፕሪ-ነርሲንግ፣ ማለትም ለመነሻ ኮርሶቹ ብቻ? ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ስሙ ትልቅ ነው፤ የነርሲንግ ዲግሪ ግን አይሰጥም። ዲግሪው የሚገኘው ባልቲሞር ካለው የነርሲንግ ትምህርት ቤት ነው፤ ያው ትምህርት ቤት ሮክቪል በሚገኘው ሼዲ ግሮቭም ያስተምራል። ኮሌጅ ፓርክ የገባች ልጅ መነሻ ኮርሶቹን ጨርሳ እንደ አዲስ ማመልከትና መወዳደር አለባት። የእርስዎም ደብዳቤ ፕሪ-ነርሲንግ የሚል ከሆነ ትምህርት ክፍሉን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ አምና ስንት አመልክተው ስንት ገቡ? የገቡትስ አማካይ ጂፒኤ ስንት ነበር?

ቀጥሎ የስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ የሁለቱን ትምህርት ቤቶች የኤንክሌክስ ውጤት ይፈልጉ፤ ተመራቂዎች የፈቃድ ፈተናውን በመጀመሪያ ሙከራ ያለፉበት መቶኛ ማለት ነው። የአንድ ዓመት ብቻ አይበቃም፤ የሦስት ዓመቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የተፈታኙንም ብዛት ይዩ፤ 20 ተማሪ ብቻ ከተፈተነ አንድ ልጅ ስትወድቅ 5 በመቶ ይቀንሳል። አንዳንድ ትምህርት ቤት ደካማ ተማሪዎችን ከፈተናው በፊት ስለሚያስቀር ውጤቱ ያምራል። ስለዚህ ከጀመሩት ውስጥ ስንቱ በጊዜው እንደጨረሱም ይጠይቁ። ፕሮግራሙ እንደ ሲ.ሲ.ኤን.ኢ. ወይም ኤ.ሲ.ኢ.ኤን. ካሉ የነርሲንግ ፕሮግራሞችን ከሚመዝኑ ድርጅቶች ዕውቅና ከሌለው ግን ሌላውን ማየት አያስፈልግም፤ በኋላ ማስተርስ ሲፈለግ በር ሊዘጋ ይችላል።

ገንዘቡን ሲያሰሉ ከጠቅላላው ወጪ ላይ ግራንትና ስኮላርሺፕ ብቻ ይቀንሱ። የገንዘብ እርዳታ ደብዳቤው ብዙ ጊዜ ብድርንና የግቢ ሥራን «እርዳታ» ብሎ አብሮ ይደምራል፤ ብድሩ ግን የሚከፈል ነው። ስኮላርሺፑ ለአራቱም ዓመት መሆኑንና ስንት ጂፒኤ እንደሚጠይቅ በጽሑፍ ይያዙ። ከዚህ ሁሉ በኋላም የ11,000 ልዩነት ካለ በአራት ዓመት 44,000 ዶላር ነው፤ የሁለቱም ተመራቂዎች የሚፈተኑት ያንኑ ኤንክሌክስ ነው። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ኮሌጅ ስኮርካርድ የተባለው ድረ ገጽ የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት የነርሲንግ ተመራቂዎች ደሞዝና ዕዳ ያሳይዎታል። ዘመዶችዎንም እሱን ያሳዩዋቸው።

ጥያቄ፦ ለማስተርስ ወደ ውጭ ለመሄድ እያመለከትኩ ነው። የሻንጋዩን የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ዝርዝር ልከተል?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ በዚያ ዝርዝር ከነጥቡ 30 በመቶው የሚሰጠው ተመራቂዎችና መምህራን ላገኙት የኖቤልና የፊልድስ (የሒሳብ) ሽልማት ነው፤ 20 በመቶው ደግሞ ኔቸርና ሳይንስ መጽሔቶች ላይ ለወጡ ጽሑፎች። ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሰጥ የሚለካ ነገር የለበትም። በተፈጥሮ ሳይንስ ፒኤችዲ ድረስ ለመሄድ ካሰቡ በየትምህርት ዘርፉ የወጣውን ዝርዝር ይዩ። ለሕዝብ አስተዳደር ወይም ለትምህርት አመራር ግን ተዉት፤ የኮርሱን ዝርዝር፣ የመምህራኑን የቅርብ ጊዜ ሥራና የሚሰጠውን የገንዘብ ድጋፍ እያወዳደሩ ይምረጡ።