ጅማ፦ የቅርስ ዳታቤዝ በአንድ ሠንጠረዥ?

ወንድሜ፣ የጅሬንን (የአባ ጅፋርን) ቤተ መንግሥትና የሙዚየሙን ዕቃዎች በአንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ላስገባ ወይ ብለሃል። ተው፣ ኋላ ትቸገራለህ። ቤተ መንግሥቱ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚፈልገው የካርታ ነጥብና የጥገና ታሪክ ነው። የጅማ በርጩማ ግን ዛሬ መደርደሪያ ላይ ነው፣ ነገ ዕቃ ግምጃ ቤት። ስለዚህ ለብቻው ሠንጠረዥ፣ የማይደገም ቁጥር (ዕቃው ቢጠፋም ቁጥሩን ለሌላ እንዳትሰጥ!)፣ የተዘዋወረበትም ቦታ ሁሉ ከነቀኑ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ዓመተ ምሕረቱ ነው። መዝገብ ላይ 1924 ተብሎ ብታገኝ በእኛ ይሁን በፈረንጅ በምን ታውቃለህ? የዘመን አቆጣጠሩን የሚገልጽ ዓምድ ጨምር። ስምም እንዲሁ፣ ጅሬን፣ ጂሬን፣ ጅረን እየተባለ ስለሚጻፍ አንዱን መርጠህ ሌሎቹን እንደ ተለዋጭ ያዝ።

ለሥፍራዎቹ አርችስ (Arches) የሚባለውን የቅርስ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሞክር፣ ነፃ ነው፤ ጌቲ የጥበቃ ተቋምና ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ የሠሩት። ግን መጀመሪያ 20 ዕቃ በወረቀት ሞልተህ እየው።