ክፍለ ዘመን እንዴት ይቆጠራል? ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በክፍለ ዘመን አቆጣጠር ግራ የገባችሁን ጠይቁ። አደራ፣ ዓመት ስትጽፉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጨምሩ። እኔ የምጽፈው ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ 1850 ለምን 19ኛው ክፍለ ዘመን ይባላል? ቁጥሩ እኮ 18 ነው የሚለው።

መልስ፦ 18ቱ ያለቁት መቶዎች ናቸው። ዓመት ያልሞላው ሕፃን የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ነው አይደል? እንደዚያው ነው።

ጥያቄ፦ 1900ስ? 20ኛው መሆን አለበት።

መልስ፦ አይደለም፣ 19ኛው ነው። ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። በየምዕራፉ መቶ መቶ ገጽ ያለው መጽሐፍ አስቡ። ገጽ 100 የምዕራፍ አንድ መጨረሻ ነው፣ ምዕራፍ ሁለት በ101 ይጀምራል። መጽሐፉ ገጽ ዜሮ ስለሌለው ነው። የዘመን ቁጥሩም ዜሮ የለውም። ይህን አቆጣጠር በ525 ያወጣው መነኩሴው ዲዮናስዮስ ኤክሲጉስ በሚጠቀምበት የሮማውያን ቁጥር ዜሮ የሚባል ምልክት አልነበረም፤ የእኛው የግዕዝ ቁጥርም እኮ ከ፩ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ከ1 ቅ.ል.ክ. (ቅድመ ልደተ ክርስቶስ) ቀጥሎ የሚመጣው 1 ዓ.ም. ነው። አቋራጭ ከፈለጋችሁ ከዓመቱ አንድ ቀንሱ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ጣሉ፣ አንድ ደምሩ። 1900፣ 1899፣ 18፣ 19። አለቀ።

ሌላ አባል፦ ታዲያ ዓለም በሙሉ 2000 ሲገባ ለምን ጨፈረ?

ሌላ አባል፦ የጀርመኑ ዳግማዊ ዊልሄልምም 20ኛው ክፍለ ዘመን በ1900 ገባ ብሎ አክብሯል።

ሌላ አባል፦ ንጉሥ ስላከበረ ሒሳቡ ይቀየራል እንዴ? ይልቅ የሥነ ፈለክ ሰዎች ዓመት ዜሮ አላቸው።

መልስ፦ አዎ፣ እነሱ 1 ቅ.ል.ክ.ን ዜሮ፣ 2 ቅ.ል.ክ.ን ደግሞ ነጌቲቭ 1 ይሉታል። ለስሌት እንዲመቻቸው ነው። ከታሪክ አቆጣጠር ጋር አትቀላቅሉት። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ፦ ስለ ሚሊኒየም ቢያብራሩልን።

መልስ፦ ምኑን? ሦስተኛው የገባው ጃንዋሪ 1 ቀን 2001 ነው። ሌላ ከሆነ ለይታችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለውስ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ! እዚያ ቁጥሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። 5ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. በ500 ጀምሮ በ401 ያልቃል። ሶቅራጥስን ውሰዱ። ዕድሜው በሙሉ ለማለት ይቻላል በ5ኛው ውስጥ ነው ያለፈው፣ የሞተው ግን በ399 ስለሆነ 4ኛውን ገና በሁለተኛ ዓመቱ ነው የተሰናበተው። ደግሞ ከ5 ቅ.ል.ክ. እስከ 5 ዓ.ም. ስንት ዓመት ነው? አሥር እንዳትሉ፣ ዘጠኝ ነው። ዜሮ የለማ!

ጥያቄ፦ 1800ዎቹ እና 19ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ናቸው?

መልስ፦ በአንድ ዓመት ይለያያሉ። 1800ዎቹ እስከ 1899፣ 19ኛው ከ1801 እስከ 1900። አንዳንዱ ደግሞ 1800ዎቹ ሲል ከ1800 እስከ 1809 ያለውን አሥር ዓመት ብቻ ነው የሚለው፣ ስለዚህ ስትጽፉ ግልጽ አድርጉ።

ጥያቄ፦ የማያዎቹ አቆጣጠርስ?

መልስ፦ መስኬ አይደለም፣ ይለፈኝ።

ጥያቄ፦ 2000 ስንተኛው ክፍለ ዘመን ነው?

መልስ፦ እባካችሁ ከላይ ያለውን አንብቡ። አንድ ቀንሱ፣ ሁለት አሃዝ ጣሉ፣ አንድ ደምሩ። ደግሞስ በየትኛው አቆጣጠር?